ቆጣሪውን ማን ይቆጥረዋል? የሶፍትዌርን ጤና የሚለካው መሣሪያ ራሱ ሲያፈስ

በናይሮቢ ሁርሊንግሃም ሠፈር ተቀምጦ ሶፍትዌር የሚሠራ ባለሙያ፣ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ኮምፒውተር በዓይኑ አይቶት ላያውቅ ይችላል። ማሽኑ ኬፕ ታውን፣ አየርላንድ ወይም አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ በአንድ ግዙፍ የመረጃ ማዕከል ከተደረደሩ በሺዎች ከሚቆጠሩ ማሽኖች አንዱ ነው። ባለሙያው የማሽኑን ጤንነት የሚያውቀው በመለኪያ መሣሪያዎች አማካይነት ብቻ ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች ደግሞ ራሳቸው ሶፍትዌር ናቸው። እንደማንኛውም ሶፍትዌር ስህተት ሊኖርባቸው ይችላል። ከስህተቶቹ ሁሉ ተደብቆ በመቆየት የታወቀው ሙያተኞች ‘ሜሞሪ ሊክ’ የሚሉት፣ የኮምፒውተሩ ማህደረ ትውስታ ጥቂት በጥቂት እያለቀ የሚሄድበት ችግር ነው። ችግሩ በመለኪያው ውስጥ ሲገኝ፣ ሌላውን እንዲመረምር የተቀመጠው የበሽታው ምንጭ ይሆናል።

ሁርሊንግሃምን ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚያውቋት በአርግዊንግስ ኮዴክ ጎዳና አካባቢ ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ነው። አጎራባቿ ኪሊማኒና በአቅራቢያው የሚያልፈው የንጎንግ ጎዳና ግን በቴክኖሎጂው ዓለም ሌላ ዝና አላቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እአአ) በ2010 የተከፈተው አይሃብ የተሰኘው የወጣት ባለሙያዎች መሰባሰቢያ የተመሠረተው በንጎንግ ጎዳና ነበር። ከእርሱ ቀደም ብሎ፣ በ2008 መጀመሪያ፣ ከኬንያ ምርጫ በኋላ የተቀሰቀሰውን ሁከት ከዜጎች በሚላኩ መልእክቶች ካርታ ላይ የሚመዘግበው ኡሻሂዲ ተወልዷል። ኡሻሂዲ በስዋሂሊ ምስክርነት ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ሶፍትዌር እጅግ የሚፈለገው በጭንቅ ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ማህደረ ትውስታው አልቆ ቢቆም ጉዳቱ ከቴክኒክ ጉዳይነት ያልፋል።

ከእድሩ ዕቃ ቤት ያልተመለሰ ወንበር

የኮምፒውተርን ማህደረ ትውስታ ለመረዳት የእድርን ዕቃ ቤት ማሰብ ይጠቅማል። እድሩ ቁጥራቸው የታወቀ ወንበሮች፣ ድንኳኖችና ብረት ድስቶች አሉት። ሐዘን የደረሰበት አባል ይወስዳል፤ ሲያበቃ ይመልሳል። ዕቃ ቤቱ ለሚቀጥለው ባለጉዳይ የሚሰጠው ነገር የሚኖረው የወጣው ስለሚመለስ ነው።

ፕሮግራሞችም ሥራ ሲጀምሩ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቦታ ይዋሳሉ፤ ሲጨርሱ ይመልሳሉ። አንድ ፕሮግራም ቦታውን መጠቀም አቁሞ ሳይመልሰው ሲቀር ሜሞሪ ሊክ ተፈጠረ ይባላል። አንድ ወንበር ቢቀር ማንም ልብ አይለውም። በየሐዘኑ አንድ አንድ ወንበር ቢቀር ግን፣ አንድ ቀን ለቀስተኛ ቆሞ ያመሻል።

ዕቃዎቹን የመመለሱን ሥራ ከፕሮግራመሩ ትከሻ ለማውረድ፣ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጆን ማካርቲ እአአ በ1959 ገደማ ሊስፕ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዘዴ ፈለሰፈ። በዚህ ዘዴ ማንም የማይጠቀምበትን ቦታ ራሱ ሥርዓቱ እየፈለገ ይሰበስባል። ዛሬ ጃቫ፣ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ሆኖም ሰብሳቢው የሚያየው መዝገቡን ነው። አንድ ወንበር በአንድ አባል ስም ተመዝግቦ እስካለ ድረስ፣ አባሉ ረስቶት በጓሮ ቢጥለውም እንኳ ሰብሳቢው ‘በሥራ ላይ ነው’ ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ እነዚህ ቋንቋዎች ከሊክ ነፃ አይደሉም።

ጥቂት በጥቂት

ችግሩ ምን ያህል ዝም ብሎ እንደሚያድግ ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ የለንደን አምቡላንስ አገልግሎት ነው። አገልግሎቱ እአአ ጥቅምት 26 ቀን 1992 አምቡላንሶችን በኮምፒውተር የሚያሰማራ አዲስ ሥርዓት ሥራ ላይ አዋለ። ሥርዓቱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሌሎች ምክንያቶች ክፉኛ ተንገዳገደ። ከዚያም ኅዳር 4 ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፈጽሞ ቆመ።

በኋላ የተካሄደው ምርመራ ምክንያቱን አገኘው። አንድ ፕሮግራመር ሳያነሳው የተረሳ አጭር የፕሮግራም ክፍል ነበር። አንድ አምቡላንስ በተሰማራ ቁጥር ይህ ክፍል ከሰርቨሩ ማህደረ ትውስታ ትንሽ ቦታ ወስዶ አይመልስም ነበር። በሦስት ሳምንታት ውስጥ ያለው ሁሉ አለቀ። ሊተካው የተዘጋጀው መጠባበቂያ ሰርቨርም አልተረከበም። ሠራተኞቹ ወደ ወረቀትና እርሳስ ተመለሱ።

ታሪኩ የሊክን ሁለት ጠባዮች ያሳያል። የመጀመሪያው፣ ስህተቱ የተሠራበት ቀንና ጉዳቱ የሚታይበት ቀን የተራራቁ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሥራ በበዛ መጠን መውደቂያው የሚቀርብ መሆኑ ነው።

ፕሮፋይለር ምን ይሠራል?

አንድ ፕሮግራም ሲዘገይ ወይም ብዙ ቦታ ሲይዝ፣ ምክንያቱን በግምት መፈለግ ብዙ ጊዜ ወደ ስህተት ይመራል። ለዚህ የተሠሩት መሣሪያዎች ፕሮፋይለር ይባላሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው ጂፕሮፍ እአአ በ1982 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ወጣ። ሊክን ማደን ራሱን የቻለ ንግድ ለመሆንም ጊዜ አልወሰደበትም። ቀደም ሲል በዛሬዋ ኢስዋቲኒ በበጎ ፈቃደኝነት ሒሳብ ያስተምር የነበረውና በኋላ ኔትፍሊክስን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ሪድ ሄስቲንግስ፣ እአአ በ1991 ያቋቋመው ኩባንያ ፒዩሪፋይ የተባለ የማህደረ ትውስታ ስህተት ፈላጊ ይሸጥ ነበር። በ2002 ደግሞ ቫልግሪንድ የተሰኘው ነፃ መሣሪያ ለሕዝብ ቀረበ።

የዛሬዎቹ ፕሮፋይለሮች አብዛኞቹ በናሙና ይሠራሉ። በሴኮንድ 100 ጊዜ ያህል ፕሮግራሙን ለአፍታ ገታ አድርገው ‘አሁን የትኛውን ሥራ እየሠራህ ነው? ወደዚህስ በየት በኩል መጣህ?’ ብለው ይጠይቁታል። መልሱን በሠንጠረዥ ይመዘግባሉ። ከብዙ ናሙና በኋላ ጊዜው የት እንደባከነ ይታያል።

ማስታወሻ ለመያዝ ግን ወረቀት ያስፈልጋል። ፕሮፋይለሩ ናሙናውን የሚጽፈው በዚያው በሚመረምረው ማሽን ማህደረ ትውስታ ላይ ነው። በእድሩ ምሳሌ፣ ዕቃ የሚቆጥረው መርማሪ በየቤቱ እየዞረ ለመጻፍ የሚቀመጥበት አንድ ወንበር ይዋሳል። ወንበሩን ካልመለሰ፣ የጎደለውን ፍለጋ የወጣው ሰው ጉድለቱን ያባብሰዋል። በራሱ መዝገብ ላይ ደግሞ የተቀመጠባቸውን ወንበሮች አይጽፍም።

የቨርጂኒያው ሰኞ

ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። እአአ ጥቅምት 22 ቀን 2012፣ ሰኞ ዕለት፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው የአማዞን ክላውድ የመረጃ ማከማቻ አገልግሎት በከፊል ታወከ። ሬዲት፣ ፎርስኩዌርና ኤርቢኤንቢን የመሳሰሉ ታዋቂ ድረ ገጾች ተቋረጡ ወይም ተደነቃቀፉ።

አማዞን በኋላ ባወጣው ማብራሪያ መነሻውን ዘርዝሯል። በእያንዳንዱ የማከማቻ ሰርቨር ላይ ስለ ማሽኑ አሠራር መረጃ እየሰበሰበ የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ነበር። የሚልከውም ለመረጃ ተቀባይ ሰርቨሮች ነው። ከእነዚህ ተቀባዮች አንዱ ባለፈው ሳምንት ተበላሽቶ በሌላ ተተካ። የአዲሱ አድራሻ ግን ለሁሉም ማሽኖች በትክክል አልደረሰም። አድራሻው ያልደረሳቸው ማሽኖች የሞተውን ተቀባይ መጥራታቸውን ቀጠሉ።

መረጃው አለመድረሱ በራሱ ጉዳት አልነበረውም፤ ሥርዓቱ ያንን እንዲችል ተደርጎ የተሠራ ነው። ችግሩ ያልተሳካው ጥሪ፣ በላኪው ፕሮግራም ውስጥ ተደብቆ የኖረውን ሜሞሪ ሊክ መቀስቀሱ ነበር። ፕሮግራሙ በደጋገመ ቁጥር ጥቂት ማህደረ ትውስታ እየወሰደ አልመልስም አለ።

ክትትል ስላልነበረ አይደለም። የእያንዳንዱ ሰርቨር ጠቅላላ የማህደረ ትውስታ ፍጆታ ይታይ ነበር። ነገር ግን እነዚህ ሰርቨሮች ትርፍ ቦታቸውን ሁሉ ለጊዜያዊ መረጃ ማቆያ ስለሚጠቀሙበት፣ በጤናቸውም ጊዜ ቢሆን የሞሉ ይመስላሉ። የሞላ ዕቃ የፈሰሰበትን መለየት ያስቸግራል። ሰኞ ዕለት ብዙ ማሽኖች በአንድነት ትንፋሽ አጠራቸው፤ የደንበኞችን ጥያቄ መመለስም አቃታቸው።

መለኪያው ለምን ያፈሳል?

በመለኪያ መሣሪያዎች ውስጥ የሚገኙ ሊኮች በአብዛኛው ከጥቂት ምክንያቶች ይመነጫሉ።

የመጀመሪያው ወሰን የሌለው ሠንጠረዥ ነው። ፕሮፋይለሩ ከዚህ በፊት ያላየውን የሥራ ሰንሰለት ባገኘ ቁጥር አዲስ መስመር ይከፍታል። ፕሮግራሙ ትንሽ ከሆነ ሠንጠረዡ በአጭር ጊዜ ይሞላና ይረጋል። አዳዲስ ሰንሰለት የሚፈጥር ትልቅ ፕሮግራም ከሆነ ግን ሠንጠረዡ ማደጉን አያቆምም።

ሁለተኛው የሞቱ ሥራዎች ቅሪት ነው። አንድ ሰርቨር ሥራውን ትሬድ ለሚባሉ ብዙ ትይዩ ክሮች ያከፋፍላል። ፕሮፋይለሩ ለእያንዳንዱ ክር የማስታወሻ ቦታ ያዘጋጃል። ክሩ ሥራውን ጨርሶ ሲጠፋ የማስታወሻው ቦታ አብሮ ካልተለቀቀ፣ የሙታን መዝገብ እየከበደ ይሄዳል።

ሦስተኛው መለኪያው የሚለካውን ነገር ጨብጦ መያዙ ነው። ፕሮፋይለሩ ‘ይህ ዕቃ ስንት ጊዜ ይኖራል?’ ብሎ ለማወቅ በዕቃው ላይ ስሙን ይጽፋል። ያ ስም እስካለ ድረስ ቆሻሻ ሰብሳቢው ዕቃውን አያነሳውም። በመሆኑም ጤነኛ የነበረው ፕሮግራም የታመመው መለካት በመጀመሩ ነው።

አራተኛው የቨርጂኒያው ዓይነት ነው፤ የሚቀበለው የጠፋ መረጃ ተከማችቶ ወይም ያልተሳካ ሙከራ ዱካውን ትቶ ሲቀር።

እነዚህ ሁሉ በሙከራ ጊዜ ለምን አይታዩም? ቀላል ስሌት መልሱን ይሰጣል። በሴኮንድ 100 ናሙና ከሚወስድ መሣሪያ ውስጥ፣ ከየ100ው ናሙና አንዱ 200 ባይት ትቶ ያልፋል እንበል። በ10 ደቂቃ ሙከራ የሚጠፋው 120 ሺህ ባይት ብቻ ነው፤ ማንም አያየውም። በአንድ ቀን ግን ከ17 ሚሊዮን ባይት ያልፋል። በ30 ቀናት 518 ሚሊዮን ባይት ገደማ ይደርሳል። የተከራዩት ማሽን ማህደረ ትውስታ አንድ ጊጋባይት ከሆነ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ቀስ በቀስ በእግሩ የሚሄደው እንቁላል ብቻ አይደለም።

ቀዳዳው እንዴት ይገኛል?

ብዙ ፕሮፋይለሮች የራሳቸውን ፍጆታ ከሪፖርታቸው ያስወግዳሉ። ይህን የሚያደርጉት ለበጎ ነው፤ ተመራማሪው ማየት የሚፈልገው የራሱን ፕሮግራም ነውና። ውጤቱ ግን ፕሮፋይለሩ ሲያፈስ በራሱ ሪፖርት ላይ አለመታየቱ ነው። በዚህ የተነሳ ምርመራው የሚጀምረው ከውጭ ነው።

አንደኛው መንገድ ሁለት ቁጥሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። አንዱ ቁጥር ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ‘ይህ ፕሮግራም ይህን ያህል ይዟል’ የሚለው ነው። ሌላው ፕሮፋይለሩ ‘ፕሮግራሙ የያዘው ይህን ያህል ነው’ የሚለው ነው። በሁለቱ መካከል መጠነኛ ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው። ልዩነቱ ከቀን ቀን እየሰፋ ከሄደ ግን፣ በመዝገብ ያልሰፈረ ተበዳሪ አለ ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ያንኑ ፕሮግራም በሁለት ተመሳሳይ ማሽኖች ላይ፣ በአንደኛው ፕሮፋይለሩን አብርቶ፣ በሌላኛው አጥፍቶ፣ እኩል ሥራ እየሰጡ ማሠራት ነው። ጤናማ ፕሮግራም የማህደረ ትውስታ ፍጆታው የመጋዝ ጥርስ ይመስላል፤ ይወጣል፣ ይጸዳል፣ ይወርዳል። በሚያፈስ ፕሮግራም ላይም ጥርሶቹ አሉ፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ጥርስ ሥር ካለፈው ከፍ ይላል። መታየት ያለበት ጫፉ ሳይሆን ሥሩ ነው።

ሦስተኛው ሁለት ቅጽበታዊ ምስሎችን ማነጻጸር ነው። የማህደረ ትውስታው ሙሉ ምስል አንዴ ይነሳል፤ ከሰዓታት ሥራ በኋላ ደግሞ ይደገማል። በሁለቱ መካከል የበዛው የዕቃ ዓይነት ወደ ጥፋተኛው ይመራል። ለዚህ ሌላ፣ ከመጀመሪያው ነፃ የሆነ መሣሪያ ያስፈልጋል።

እድገት ሁሉ ሊክ እንዳልሆነም ማስተዋል ይገባል። ለፍጥነት ሲባል ሆን ተብሎ የሚቀመጥ ጊዜያዊ መረጃ እስከ ገደቡ ያድግና ይቆማል። የተበታተኑ ትንንሽ ክፍት ቦታዎችም ፍጆታው የጨመረ ሊያስመስሉ ይችላሉ። ሊክን ከእነዚህ የሚለየው አለመርጋቱ ነው።

ጥገናውና ማስታገሻው

በብዙ ቦታ የተለመደው መፍትሔ ፕሮግራሙን በየሌሊቱ አጥፍቶ ማስነሳት ነው። ፕሮግራሙ ሲጠፋ የተዋሰው ሁሉ ስለሚመለስ ዘዴው ለጊዜው ይሠራል። ማስታገሻ እንጂ ፈውስ ግን አይደለም፤ ሥራ ሲበዛ፣ ሊኩ ሌሊቱን ሳይጠብቅ ማሽኑን ይጥለዋል።

እውነተኛው ጥገና ብዙ ጊዜ የኮዱ ጥቂት መስመሮች ነው። ሠንጠረዡ ጣሪያ ይበጅለታል፤ ሲሞላ አሮጌው በአዲሱ ይተካል። ክር ሲሞት ማስታወሻው አብሮ እንዲለቀቅ ይታዘዛል። ፕሮፋይለሩ የሚከታተለውን ዕቃ ሰብሳቢው እንዳያነሳው በማያግድ ልል ማጣቀሻ ብቻ ይይዘዋል። የሚላክ መረጃ ተቀባይ ሲያጣ ወረፋው የተወሰነ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ያለው ይጣላል።

የመጨረሻው ለብዙ ባለሙያዎች ይከብዳል፤ መረጃ መጣል ጥፋት ይመስላልና። ነገር ግን የተወሰኑ ናሙናዎች ቢቀሩ የሚጎድለው የሥዕሉ ጥራት ነው። ናሙናዎቹን ለማትረፍ ሲባል ዋናው አገልግሎት ከወደቀ የሚጎድለው ግን የሰዎች ሥራ ነው።

አማዞንም ከ2012ቱ ክስተት በኋላ ሊኩን በመድፈን ብቻ አልተወሰነም። የእያንዳንዱ ፕሮግራም ፍጆታ በተናጠል እንዲታይና ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ እንደሚያደርግ አስታወቀ። አነስተኛ ጠቀሜታ ያላቸው ፕሮግራሞች ከተመደበላቸው በላይ እንዳይወስዱ ገደብ እንደሚጥልም ገለጸ። ይህ ገደብ አስቀድሞ ቢኖር ኖሮ፣ ሊኩ መረጃ ሰብሳቢውን ብቻ ይጥል ነበር።

ገደቡ አስፈላጊ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። ማህደረ ትውስታው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ራሱን ለማትረፍ አንድ ፕሮግራም መርጦ ይገድላል። ምርጫው በዋናነት የሚያርፈው ብዙ ቦታ በያዘው ላይ ነው። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ዋናው አገልግሎት ነው። ጥቂት በጥቂት ሲሰርቅ የቆየው ትንሹ መለኪያ ሊተርፍ ይችላል።

ሂሳቡ የሚመጣው በዶላር ነው

አማዞን በአፍሪካ የመጀመሪያውን የክላውድ ቀጠና በኬፕ ታውን የከፈተው እአአ በ2020 ነው። ያም ሆኖ ከናይሮቢም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚከራይ ማሽን አሁንም ሩቅ ነው፤ ኪራዩም በአብዛኛው በዶላር ይታሰባል።

ማህደረ ትውስታ ሲያጥር ቀላሉ መንገድ ከፍ ያለ ማሽን መከራየት ነው። ሀብታም ኩባንያ ይህን አድርጎ ሊኩን ለዓመታት ሊረሳው ይችላል። ለአንድ አነስተኛ የናይሮቢ ጀማሪ ድርጅት ግን ይህ በየወሩ የሚከፈል ቅጣት ነው። ለኢትዮጵያውያን አልሚዎች ደግሞ ሸክሙ ይበልጥ ከብዷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ያው የዶላር ሂሳብ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

በሌላ በኩል የአካባቢው ሕይወት በሶፍትዌር ላይ መደገፉ ጨምሯል። ኬንያ ውስጥ ኤምፔሳ እአአ በ2007፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌብር በ2021 ሥራ ጀምረዋል። ዛሬ የትራንስፖርት፣ የቤት ኪራይና የገበያ ክፍያ በስልክ ይፈጸማል። የሚቆም ሰርቨር የሚያቆመው የባለሙያን ሥራ ብቻ አይደለም።

ለዚህም ነው አንድን የመለኪያ መሣሪያ ሥራ ላይ ከማዋል በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት የሚጠቅመው። መሣሪያው ቢበዛ ምን ያህል ማህደረ ትውስታ እንዲወስድ ተፈቅዶለታል? መረጃውን የሚቀበለው ቢጠፋ ምን ያደርጋል? እርሱን ራሱን የሚለካው ማን ነው? ለሦስቱም መልስ ካለ ቀዳዳው ገና ጠብታ ሳለ ይታያል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ጠብታን መድፈን የወደቀ ሰርቨር ከማንሳት ይቀላል።